ስሙን ያልተናገረው ዛር

ለምወድሽ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ከረመ? ጉልበትሽስ ዳገቱን ይችልልሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እዚህ ሆላንድ፣ ካፔለ ከተማችን ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሳምንቱ አለቀ።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ተሳሰረ። በጽሑፍ ይሁን። ለሰው ሳታስነብቢ ራስሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ልጃችን ረሆቦት አምስተርዳም ትወና ስትማር ቆይታ በቴሌቪዥን ድራማ ትልቅ ቦታ አገኘች። ታሪኩ የጎንደር ነገሥታት ዘመን ነው፤ እሷ ዛር አለባት ተብላ ደብተራ የሚደግምባትን ሴት ሆና ትሠራለች። ባለቤቴ ማንደፍሮ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ አይደል? "በጌታ ቤት ያደገች ልጅ አጋንንት እየጠራች እንጀራ ትበላለች?" ብሎ አኮረፋት። "ፓፓ፣ አንተ ደግሞ! ትወና እኮ ነው" ብላ በሩን በላዩ ዘግታ ወጣች።

በማግስቱ ሻይ እየጠጣን፣ "ማማ፣ ዛር የያዛት ሴት እንዴት ነው የምትጮኸው? አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። አላየሁም ማለት አቃተኝ።

"አክስትሽን በሰንሰለት አስረው ጠበል ሲያስጠምቋት አይቻለሁ" አልኳት። "አልጮኸችም። 'ስምህን ተናገር!' ሲሏት 'ልጄን ስጡኝ' ብቻ ነበር የምትለው።"

"አክስቴ ልጅ ነበራት?"

"ነበራት።"

ስኒዋን አንሥታ ወደ ማጠቢያው ሄደች።

ቀረጻው ዛንዳም፣ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ሄጄ አየሁ። ደብተራውን የሚሠራው ሰውዬ ክታቡን ግንባሯ ላይ ለጥፎ "ስምህን ተናገር!" ሲላት፣ እንደ አውሬ እንድታጓራ ነበር የተጻፈላት። አላጓራችም። በዝግታ ያንቺን ቃል ተናገረች፣ እትዬ፤ በራስሽ ድምፅ፣ አንገቷን እንዳንቺ ወደ ግራ ጣል አድርጋ። ከፎቶ በቀር አይታሽ አታውቅም። ማንም አላስቆማትም። እኔ ከመብራቱ ኋላ እንደተቀመጥኩ እንባዬ አፌ ውስጥ ገባ።

ስንመለስ ባቡሩ ላይ እጄን ይዛ፣ "ወንድ ነበር ሴት?" አለችኝ።

"ሴት" አልኳት።

እስከ ሮተርዳም እጄን አልለቀቀችም።

ከወለድሽ በኋላ ስትታመሚ ሁሉም ዛር ነው አለ። ሐዘን ነው፣ ሕመም ነው ያለ አልነበረም። አባባ "እህትሽ እስክትድን" ብለው ሕፃኗን ሲያስታቅፉኝ ለጥቂት ወር መስሎኝ ነበር። ከዚያ ስደቱ መጣ፤ ሱዳን፣ ቀጥሎም ይህ አገር። አንቺ ዳንሽ፤ እኔ መመለሻው ጠፋኝ።

ረሆቦት አሁን ሁሉን አውቃለች፤ ለፋሲካ ወደ አንቺ ትመጣለች። ትኬቷን የቆረጠችው ራሷ ናት። ማንደፍሮም ሲሰማ፣ "እኔ እሸኛታለሁ" አለ። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ታላቁንም ታናሹንም አንተ ትላለች፣ እንዳትቀየሚያት። ሲበርዳት አትናገርም፤ አንቺው ደርቢላት። ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ኩርፊያ አይደለም፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲያ ናት።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ደጅሽን የደስታ ያድርገው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ከዚያ ሆና ስትደውልልኝ "ማማ" ስትለኝ ብትሰሚ፣ እባክሽ ቅር አይበልሽ።

አደራሽን የያዘች ታናሽ እህትሽ