በእንግሊዝኛ የሞተችው አያት

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 1977 ዓ.ም.

ልጄ ብርቱካን፣ ኪዳነ ምሕረት ከነልጅሽ በጥላዋ ታኑርሽ። እኔ ከመሞቴ በቀር ደህና ነኝ። ጣራው ተጠግኗል፤ ላሟም ወልዳለች።

የልጅሽ የሶስና ድርሰት እዚያ ለንደን በእንግሊዝኛ አንደኛ ወጣ ብለሽ የላክሽው ወረቀት ደረሰኝ። የልጅ ልጄ በሁለት ቋንቋ አድጋ የባለቋንቋዎቹን ልጆች በለጠች ብዬ፣ የቀበሌ ስኳሬን ሁለት ወር አጠራቅሜ፣ ሻይና ድፎ ደግሼ ጎረቤት ጠራሁ።

የወይዘሮ ዘሀራ ልጅ፣ መምህሩ ጀላል፣ እየተረጎመ ሲያነብልን ድንገት ወረቀቱን አጠፈው።

«እማማ አስካለ፣ የቀረው ይቅርብዎ» አለኝ።

«አንብብ! እልል ልንል ነው የተሰበሰብነው» አልኩት።

አነበበው። አያቴ በድርቁ በረሃብ ሞተች ይላል፤ ሶስናም ረግጣው በማታውቀው አገር እጄን ይዛ አልቅሳለች። ሴቶቹ ነጠላ ማዘቅዘቅ ጀመሩ። ዘሀራ ብቻ ድፎዬን እያላመጠች፣ «አስካለ፣ በረሃብ ለሞተ ሰው እኮ ጉንጭሽ ሞልቷል!» አለችኝ።

ልጅቷን ልረግማት ዳድቶኝ ነበር። ግን ወረቀቱን ተቀብዬ ባየው፣ ከዳሩ ላይ ያንቺ የእጅ ጽሑፍ በአማርኛ፣ «የአያትሽን ሞት ትንሽ አርዝሚው» ይላል። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል መቁጠሬን ረስተሽ፣ ረቂቁን ልከሽልኛል።

አደራሽን፣ ሶስና በአማርኛ አንድ መስመር ትጻፍልኝ፤ መኖሬን ታውቅ እንደሆነ ልወቅ። እግዜር ሽልማት በሽልማት ያድርጋት። ለከርሞው ድርሰት ደግሞ፣ አያቷን ስለጨረሰች እናቷን እንዳትገድል፣ ላንቺ ዕድሜ እለምንልሻለሁ።

እናትሽ አስካለማርያም