እናቴ ያላፈላችው ቅጠል

ለሜዳና ለጎዳና ሩጫ ክለቦች ሊግ የዲሲፕሊን ጉባኤ ክቡራን አባላት፣
እጅግ ለተከበሩት ለጉባኤው ሰብሳቢ፣
ባላችሁበት፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጤናችሁ የተሟላ፣ ወንበራችሁ የማይነቃነቅ፣ መዝገባችሁም እንደ ልማዱ ቶሎ የሚዘጋ ይሁንላችሁ። እኔ በሽንት ምርመራዬ የተከለከለ አነቃቂ መድኃኒት ተገኝቶብኝ ባለፈው ዓመት ፊታችሁ የቀረብሁት የረሆቮቱ ሯጭ አሪኤል ውብነህ ነኝ። ሁለት ዓመት ልታግዱኝ ስትችሉ በስምንት ወር ስላሰናበታችሁኝ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ዘግይቻለሁና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሩብኝ። ስሟ የጠፋው እናቴ፣ ወይዘሮ ማናለሽ፣ የምትታወቀው አማርኛ በሚያነቡ ሰዎች ዘንድ ነው። እኔ እዚሁ እስራኤል ስለተወለድሁ ቋንቋዬ ሲጎድል ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር አቶ ተዘራ አቃንተውልኛል፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ ነው። የዕብራይስጡን ቅጂ በፖስታ ልኬላችኋለሁ።

አንደኛው ምስጋናዬ እኔን ስላመናችሁኝ ነው። ደንባችሁ “ወደ ሰውነቱ ለሚገባው ነገር ሁሉ ተጠያቂው ራሱ ሯጩ ነው” ይላል፤ ክለብ ስገባም ፈርሜበታለሁ። ያንን እንክብል ነስ ጺዮና ከተማ ካለ አንድ የስፖርት ማዘውተሪያ ከሰው እጅ ተቀብዬ፣ ምን እንደሆነ ጠይቄ፣ ተነግሮኝ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሲል በገዛ እጄ ዋጥሁት። ሳላውቅ አልነበረም። ውሌ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር፤ ትናንት ከኋላዬ የነበሩ ልጆችም ይቀድሙኝ ጀምረው ነበር። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እናንተ ፊት ግን “ጉንፋን ይዞኝ እናቴ ከጎንደር የመጣ ቅጠል አፍልታ አጠጣችኝ” አልሁ። የቅጠሉን ስም አልጠየቃችሁኝም። ማን እንዳመጣው፣ የተረፈ እንዳለ፣ ለምን ለሐኪም እንዳልነገርሁ አልጠየቃችሁኝም። ከመካከላችሁ አንዱ ፈገግ ብለው “ባህላቸው እኮ ነው” አሉና ጻፉ። ያን ፈገግታ ሳይ ነገሩ እንደተሳካልኝ አወቅሁ። ከኢትዮጵያ የመጣች አንዲት ሴት ለልጇ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ማጠጣቷ ለእናንተ ማስረጃ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ንቀቱን እኔ አልፈጠርሁትም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው የኖርሁትን ያን ንቀት ግን የዚያን ቀን እንደ ምርኩዝ ተደገፍሁበት። ከመድኃኒቱ ይልቅ የማፍረው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ አስተርጓሚው ነው። እናቴን ለምስክርነት ስትጠሯት “አስተርጓሚ አላዘጋጀንም፤ ልጇ ያስተርጉምላት” አላችሁ። ተከሳሽን የምስክር አንደበት አድርጎ መሾም በየትኛው አንቀጽ እንደተጻፈ ፈልጌ አላገኘሁም፤ የጥበባችሁ ፍሬ ሳይሆን አይቀርም። እናቴ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችና፣

“ጌቶቼ፣ ልጄ ደህና ልጅ ነው። እኔ ከምግብ በቀር የሰጠሁት ነገር የለም። መድኃኒት የሚባል አላውቅም፤ ሲታመም ሐኪም ቤት ነው የምወስደው” አለች።

ሁላችሁም ወደ እኔ ተመለከታችሁ። እኔም በዕብራይስጥ “ቅጠሉን ያፈላሁለት እኔ ነኝ፤ ጉዳት እንዳለው አላወቅሁም፤ ይቅር በሉኝ ትላለች” አልኋችሁ።

ክብርት ሰብሳቢዋ እናቴን በርኅራኄ አይተው “ቤሰደር፣ ቤሰደር”፣ እሺ ይሁን እንደ ማለት፣ አሉ። ምስክርነቱ ይኸው ነበር።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። እናቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርታለች። የችሎት ዕብራይስጥ አትችልም፤ የወጥ ቤት ዕብራይስጥ ግን ትችላለች። እኔ ይህን ረስቼው ነበር።

“ዓሊም ማለት ቅጠል አይደለም?” አለችኝ።

“ነው” አልኋት።

“ያልሁትን አልነገርህልኝም።”

“አልነገርሁም፣ እማዬ።”

ረሆቮት እስክንደርስ ድረስ በመስኮቱ ታይ ነበር። ከጣቢያው ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም አለችና “እዚያው መናገር አያቅተኝም ነበር። አንተን በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ ነው ያቃተኝ” አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሣችውም።

ውሳኔያችሁ በድረ ገጻችሁ ላይ ወጣ። ስሟን ስላልጻፋችሁ አመሰግናለሁ፤ “የሯጩ እናት” ማን እንደሆነች ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሄርዝል ጎዳና ካለ ክሊኒክ ወረፋ ስትጠብቅ አንዲት ሴት “ልጅሽን የመረዝሽው አንቺ ነሽ አሉ?” ብላ ጠየቀቻት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሕፃናት ትጠብቅ ነበር። እናቶቻቸው አንድ በአንድ፣ በትሕትና፣ ምክንያት እየፈጠሩ ወሰዷቸው። እሷ ግን እውነቱን ለአንዳቸውም አልተናገረችም።

ሦስተኛውን ምስጋና ለማን እንደማቀርበው አላውቅም። እኔ በቀረብሁበት ሳምንት የክለቤ ልጅ አያላም ፊታችሁ ቀርባ ነበር። ለጉንፋን የገዛችው መድኃኒት ውስጥ የተከለከለ ነገር ነበረበት። “ወረቀቱን አላነበብሁም፤ ማንበብ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው” አለቻችሁ። አሥራ ስምንት ወር ፈረዳችሁባት። ጥፋቷን በገዛ ትከሻዋ የተሸከመችው አሥራ ስምንት፣ በእናቱ ትከሻ ላይ የጫነው ስምንት። እገዳዬ አልቆ ልምምድ ስጀምር፣ አያላ ሜዳ መግባት ስለማይፈቀድላት ከአጥሩ ውጭ ቆማ አጨበጨበችልኝ። ዙሩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ያን ሳምንት እውነቱን ሁሉ፣ እንክብሉን የሰጠኝን ሰው ስም ሳይቀር፣ ጽፌ ላክሁላችሁ። የቀረው አሥራ ስድስት ወር እንዲፈጸምብኝ፣ የእናቴም ቃል እንዲታረም ለመንሁ። መልሳችሁ ሁለት መስመር ነበር፦ “መዝገቡ ተዘግቷል። መልካም የውድድር ዘመን እንመኝልዎታለን።” ስለ መልካም ምኞታችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን መለያዬን ለክለቡ መልሼ አሥራ ስድስቱን ወር ያለ ፈራጅ ጀምሬዋለሁ።

ባለፈው ሰንበት ከጸሎት በኋላ በቤተ እስራኤል ቄሶቻችንና በሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ስጨርስ አንድ አዛውንት ቄስ “በል እንግዲህ፣ እናትህን ቤቷ አድርሳት” አሉኝ። ጎን ለጎን ሄድን። ክንዴን አልያዘችም፤ ጥላኝም አልሄደችም። ደጃፏ ስንደርስ “ልቤ ገና ነው፣ ልጄ” አለችኝና ገባች። አልፈረድሁባትም።

እንግዲህ የተዘጋውን መዝገብ ለመክፈት ጊዜ ከተረፋችሁ፣ ለእኔ ምንም አትጻፉልኝ። ስለ እናቴ ግን አንድ መስመር ጨምሩልኝ፦ በዚያ ቀን፣ በዚያ አዳራሽ፣ ስለ እኔ ጉዳይ እውነት የተናገረችው ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ስዋሽ ያመናችሁኝ፣ እውነት ስናገር ያላመናችሁኝ፣ ለቸርነታችሁ ባለዕዳ ሆኜ አንገቴን ደፍቼ እጅ የምነሣችሁ፣

አሪኤል ውብነህ
ከረሆቮት

ድኅረ ጽሑፍ፦ መዝገቡ ተዘግቷል ባላችሁኝ በዘጠነኛው ቀን ከሌላው ክፍላችሁ ተደውሎልኝ፣ ለታዳጊ ሯጮች በምታዘጋጁት ስብሰባ ላይ “ከቤተሰብ የባህል መድኃኒት እንጠንቀቅ” በሚል ርዕስ እንድናገር በአክብሮት ተጋብዣለሁ። ግብዣውን ተቀብያለሁ፤ በሰዓቱም እገኛለሁ። ርዕሱን ግን እኔው ይዤ እመጣለሁ።