በየትኛው መፍጫ

ጥር 6

ሦስት ኪሎ ለውዝ ቆላሁ። እሳቱ በዛ መሰለኝ... ከዳር ያሉት ጠቆር አሉ። ለቀምኳቸው። ግማሹን ጣልኩ፣ ግማሹን በላሁ። ብቻውን የሚኖር ሰው እንዲህ ነው፣ ያረረው የእሱ ድርሻ ነው።

ሲበርድ በጨርቅ አሸሁና በረንዳ ላይ ወጥቼ ቅርፊቱን እፍ አልኩ። ነፋስ ይዞት ወረደ። ልብስ ሰፊው ከሱቁ ደጃፍ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚያዘንቡብኝ? ጠጉርዎ ነው እንዳልል እሱ ካለቀ ቆየ» አለኝ። «ያንተ ምላስ ቢያልቅ ይሻል ነበር» አልኩት። ሳቅን። ዛሬ ከሰው ጋር ያወራሁት ይህችኑ ነው።

ከሰዓት ፈጨሁ። አንዴ ሲፈጭ ዱቄት፣ ሁለቴ ሲፈጭ ሊጥ፣ ሦስተኛው ላይ ዘይቱ ወጥቶ ይለሰልሳል። እዚያ እስኪደርስ ትዕግሥት ነው... ትዕግሥት ደግሞ ከየት አምጥቼ? ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና መንዳት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ያለችኝን እዚያው ጨርሻለሁ። ቀረፋ፣ ደረቅ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው፤ ከሁሉም በኋላ፣ በረድ ሲል። ትኩሱ ላይ ከገቡ ይመራል። መፍጫው ሲጮህ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል። ሳጠፋው ነው ጭር የሚለው።

ጥር 8

አምስት ብልቃጥ የለውዝ ቅቤ ተሸጠ። ወይዘሮ ሰዓት መጡ። ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ነርስ ናቸው፤ ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ልክ አራት ሰዓት ሲል ያንኳኳሉ፣ ደቂቃ አያዛንፉም። ብልቃጣቸውን ተቀብለው፣ «እርስዎ ደግሞ፣ ከሳ አላሉም?» ብለው ወንበር ይስባሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ደረጃው፣ ደግሞ ስለ ጉልበታቸው...

እውነቱን ልጻፈው። ይህን ሥራ የያዝኩት ለገቢ አይደለም። ጡረታዬ ለአንድ ሆድ ይበቃል። ለውዝ ባልፈጭ ይህን በር ማን ያንኳኳዋል?

ጥር 11

ቅዳሜ፣ ዘንድሮ ጥምቀትም የዋለበት። ልጄ ቤት ዋልኩ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ከዋዜማው ጀምሮ ለውዝ አልነካም፣ ገላዬን ታጥቤ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሼ፣ በር ላይ ደግሞ እጄን በሳሙና። ኦፐሬሽን ክፍል የምገባ ነው የምመስለው። ድንቢጥ ታጥቤ እስክጨርስ ቆማ ትጠብቀኛለች። የልጅ ልጄ ናት፣ አራት ዓመቷ። ድንቢጥ ያልኳት ስትበላ ለቀም ለቀም ስለምታደርግ ነው።

«አባባ፣ ያንተ ቤት ሩቅ ነው?» አለችኝ።

ሁለት ፌርማታ ነው። ምን ልበላት? «ትንሽ ራቅ ይላል» አልኩ። ልጄ ሳህን እያጠበች ነበር። ሰማች፣ ማጠቧን ቀጠለች።

ቤቴን ከረገጠች ሁለት ዓመት ሆናት። ያን ጊዜ በእኔ ወጥ ቤት ውስጥ ከንፈሯ አበጠ፣ ዐይኗ ተደፈነ፣ ትንፋሽ አጠራት። ልጄ ታቅፋት ሮጠች። ሐኪሙ ለውዝ ነው፣ ሁለተኛ እንዳይነካት፣ ለውዝ የሚፈጭበት ቤትም እንዳትገባ አለ። እኔ ለውዝ አላቀመስኳትም፣ ጉንዳን ነው የነደፋት አልኩ። አሁንም የምለው ያንኑ ነው። ለውዝ ሰው ሲገድል ማን አየ?

ጥር 15

ልጄ ባለፈው፣ «ሱፍ እኮ ትበላለች፣ ሐኪሙም ፈቅዷል» ብላኝ ነበር። እስከ ዛሬ እንዴት አልመጣልኝም? ግማሽ ኪሎ ገዛሁ፣ የተፈለፈለ። በቀስታ ቆላሁት። ቀረፋ ብቻ፣ ትንሽ ማር። አያቷ በእጁ የሠራላትን አንድ ነገር ትብላ... ይሄ ነውር ነው?

መፍጫው ግን ያው አንድ ነው። ፈታታሁት። በፈላ ውሃ ሦስቴ አጠብኩት፣ በአዲስ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። ከምላጩ ሥር ያለችውን ላስቲክ ባሸታት ለውዝ ለውዝ ትላለች። ወይስ ጣቴ ነው? ጣቴ ነው... ስንት ዓመት የለውዝ ዘይት የጠጣ ጣት ሌላ ምን ይሸታል።

አንዲት ብልቃጥ ሞላ። ቆንጆ ሆነ።

ጥር 18

ይህንንም ልጻፈው።

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ሱፍ ነው፣ ለድንቢጥ» አልኩ። የልጄ ፊት እንዴት እንደበራ... ከስንት ጊዜ በኋላ። ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች።

«በየትኛው መፍጫ ፈጨኸው?»

«በአዲስ ነው። ለዚሁ ብዬ ገዛሁ።»

ከየት መጣ? እኔ እንጃ። አፌ ቀደመኝ። እሷም አመነችኝ። ዳቦ ቀባች፣ አራት ቦታ ቆረጠችው። ድንቢጥ ወንበሯ ላይ ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። ልጄ ሳህኑን ገፋ አደረገችላት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከተማሪ ጎን ስቀመጥ እግሬ ሥር ሁለተኛ ፍሬን ነበረኝ። እግሬ ከእሷ ተነሥቶ አያውቅም። ዛሬ ደርቄ ቀረሁ። ልጅቷ ቁራሹን አንሥታ ወደ አፏ ስታስጠጋ ነው ከእጇ የመነተፍኩት። ሳህኑ ወደቀ።

«ያው መፍጫ ነው» አልኩ። «ያው የለውዙ።»

ድንቢጥ ደንግጣ አለቀሰች። ልጄ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። የልጅቷን እጅ በሳሙና አጠበች፣ ፊቷን አጠበች፣ ጠረጴዛውን ሁለቴ ወለወለች። ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«አባዬ፣ ሂድ» አለች።

ጥር 20

አልደወለችም። እኔስ በምን አፌ?

ጥር 25

ቅዳሜ ነው። ሸሚዙን ተኮስኩ... ለምን እንደሆነ እንጃ። መልሼ ሰቀልኩት።

አራት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሰዓት መጡ። ፊቴን አይተው «ምን ሆኑ?» አሉ። አወጣሁት፣ ሁሉንም። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። ብልቃጣቸውን ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

«አንድ ልጅ እጄ ላይ ሞቷል» አሉ። «በዚሁ በለውዝ። ስድስት ዓመቱ ነበር። አልደረስንለትም።»

ስንት ቀን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል... ጉልበት ጉልበት ስንል አንድ ቀን እንኳ ስለ ሥራቸው ጠይቄያቸው አላውቅም።

ከሄዱ በኋላ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ የጥር 11ን አነበብኩ። ጉንዳን ይላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምን ጉንዳን? ከእኔ በቀር ማንም በማያነበው ደብተር ላይ እንኳ ዋሸሁ። ጣቴ ነው። ለብ ያለውን ልቅመሰው ብዬ ጣቴን ነከርኩ፣ አጠገቤ ቆማ አፏን ከፈተች፣ አቀመስኳት። ምን ቆርጦኝ ነው? ከዚያ ልጄ ስትጠይቀኝ ፈራሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የካቲት 2

መፍጫውን፣ መቁያውን፣ ባዶ ብልቃጦቹን፣ የቅመም ቆርቆሮዎቹን ሁሉ ወደ ላይ አወጣኋቸው። ወይዘሮ ሰዓት ወሰዱ። «እኔ ጋ የሚመጣ ሕፃን የለም፣ እኔም ቀኑ አልመሽ ብሎኛል» አሉ። አሠራሩን በወረቀት ጻፍኩላቸው። «ቅመሙ ሲበርድ» የሚለውን ሁለቴ አሰመርኩበት።

የካቲት 7

አምስት ቀን ሙሉ ፈተግኩ። መጋረጃውን ጣልኩ፣ ፍራሹን ጣልኩ። ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በቢላ ስፍቀው ቡናማ ዘይት እየተጠቀለለ ወጣ። ነገ ቀለም ቀቢ ይመጣል። ልብስ ሰፊው ፍራሹን ተሸክሜ ስወርድ አግኝቶኝ፣ «ጋሼ፣ ሊያገቡ ነው እንዴ?» አለ። «አዎ፣ ከወር በፊት የሰጠሁህን ሱሪ የጨረስክ ቀን» አልኩት።

ወገቤ ተቆረጠ። ደንበኞቼ በደጄ አልፈው ወደ ላይ ይወጣሉ። ኮቴያቸውን ለይቼ አውቀዋለሁ። አንዳንዱ «ሰላም ነው?» ይላል፣ አይቆምም። ወይዘሮ ሰዓትም አራት ሰዓት ላይ አልመጡም፣ ሥራ ላይ ናቸው። መፍጫው አናቴ ላይ ይጮኻል።

የካቲት 9

ደወልኩላት። «ቤቱ ንጹሕ ነው» አልኩ። «መፍጫውም የለም። ቀለም ሳይቀር አስቀብቻለሁ። ነይና እዪው።»

«አባዬ፣ የሚታጠበውን ሁሉ አጥበሃል» አለች። «‹በአዲስ ነው› ያልከኝንስ በምን ልጠበው?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የለውዝ ቅቤም ያው ነው ለካ።

የካቲት 12

ማንም አላንኳኳም።

የካቲት 13

ዛሬም። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ዳቦዬን ቆሜ በላሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እየከበደ መጣ?

የካቲት 14

ደወልኩ። ሰላምታ አላስቀደምኩም፣ ካስቀደምኩ ወኔዬ ይፈስሳል።

«ጉንዳን አልነበረም» አልኩ። «እኔ ነኝ። በጣቴ ነው ያቀመስኳት፣ ምድጃው አጠገብ። ስትጠይቂኝ ፈራሁ።»

በር ስትዘጋ ተሰማኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ያን ቀን አገጯ ላይ ነበር። እኔ ነኝ የጠረግኩት። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩህ።»

ሁለት ዓመት። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቀች በየቅዳሜው በር ትከፍትልኝ ነበር። ይቅርታ አልኳት። «እሺ» አለች። ይቅር አለችኝ ማለት ነው? አልጠየቅኩም።

የካቲት 18

አራት ሰዓት ላይ ተንኳኳ። ወይዘሮ ሰዓት ናቸው፣ ብልቃጥ ይዘው። «ይሄ ነገር ለምን መረረብኝ? እስቲ ይቅመሱልኝ» ብለው ሊገቡ እግራቸውን አነሡ።

«እዚያው ይቁሙ» አልኳቸው።

ክው አሉ። እኔም ክው አልኩ። ከዚያ የያዙትን ብልቃጥ አይተው ገባቸው፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ደረጃው ላይ ቆሙ። እኔ ደጃፌ ላይ።

«ቅመሙን ትኩሱ ላይ ጨመሩት?»

«መቸኮል ነው እንግዲህ።»

«ሁለቴ አስምሬበት?»

«መነጽሬን አላደረግኩም።»

ሳቅ አልኩ፣ ከስንት ቀን በኋላ። ልጄ በር ላይ ስታስቆመኝ እንዴት ይቆረቁረኝ ነበር... የሚያስቆመውንም ይቆረቁረዋል ለካ። ወደ ላይ ሲወጡ እንዲቆዩ ፈልጌ ነበር። አላልኩም።

የካቲት 24

ጠዋት ልብስ ሰፊው ሱቅ ወረድኩ። ደንበኛ ያመጣችለት ብስኩት ነበር። «ይቅመሱ ጋሼ» አለ። ቀመስኩ፣ ስናወራ ስናወራ።

ከሰዓት በሩ ተመታ። ዝቅ ብሎ፣ እጀታው ሥር። ከፈትኩ። ድንቢጥ። ከኋላዋ ልጄ።

ምን እንደተሰማኝ እንዴት ይጻፋል? ልጅቷ እጆቿን ዘረጋች፣ ልስማት ጎንበስ አልኩ። ልጄ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

«አባዬ፣ ዛሬ ምን ምን በላህ?»

«ጠዋት ዳቦ በሻይ...»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ብስኩቷ ትዝ አለችኝ። አንዲት ናት። ማን አየኝ? ምናልባትም ዱቄትና ስኳር ብቻ ናት። ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ልጅ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማለች። አንዲት ቃል ብውጥ ትገባለች...

«ብስኩትም በልቻለሁ» አልኩ። «ልብስ ሰፊው ጋ። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም።»

ልጄ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ቀስ ብላ ልጅቷን ወደ ኋላ ሳበቻት።

«እንግዲያው ዛሬ አይሆንም» አለች።

ድንቢጥ አለቀሰች። «የአባባን ቤት ሳላይ?» ትላለች፣ በጎኔ ወደ ውስጥ እያየች። ልጄ አቀፈቻትና ደረጃውን ጀመረች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንመጣለን» አለች። «ስለነገርከኝ ነው።»

ገብቼ አለቀስኩ። ምን ይደበቃል... እንዲህ ካለቀስኩ ቆይቻለሁ። ጥርሴን ሦስቴ አጠብኩ፣ ሸሚዜን ቀየርኩ። ልብስ ሰፊው «ጋሼ፣ ምሳ የተረፈ አለ፣ ይውረዱ» ብሎ ከታች ተጣራ። እንቢ አልኩት።

እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አልቀምስም።