ልጄን በስልክ ለዳሩልኝ ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ሀብተሥላሴ
የወጣቶች አትሌቲክስ ክበባችን ሰብሳቢ
ሞያሌ፣ ኬንያ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ደም ግፊትዎ ከፍ ዝቅ እንደሚል ስለሰማሁ፣ ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው፣ ቢቻል ምሳዎን ከበሉ በኋላ እንዲያነቡት በትሕትና እለምናለሁ። እኔ በገበያው መንገድ ምግብ ቤት ያለኝ፣ የሳሌም እናት እታለማሁ ነኝ። ልጄ ካናዳ በሰላም ገብታ ኮሌጅ ጀምራለች። ክበቡም በመጪው ቅዳሜ «ለዚህ ያበቃናት ልጃችን» በሚል ድግስ ላይ ምስጋና እንዳቀርብ ስለጋበዘኝ፣ ምስጋናዬን ከወዲሁ በአደባባይ ላደርስ ወደድሁ።

፩. ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግንዎ ልጄን ስለዳሩልኝ ነው። እንደሚያስታውሱት፣ ሳሌም ናይሮቢ ላይ በትምህርት ቤቶች ውድድር በጦር ውርወራ አንደኛ ስትወጣ፣ ካናዳ ኮሌጅ ውስጥ የሚያሠለጥነው ኬንያዊው አቶ ፍራንሲስ አገሩን ሊጠይቅ መጥቶ አይቷት ነበር። የአራተኛ ፎርም፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናዋን በጥሩ ውጤት ካለፈች ኮሌጁ ሙሉ ወጪዋን ችሎ እንደሚወስዳት ነገራት። አለፈች። እሱም ስለ ጠባይዋ ሊጠይቅ ለእርስዎ ደወለ። እርስዎም «ሳሌም እኮ አግብታ ስፖርቱን ትታለች» ብለው አሰናበቱት።

እኛ ይህን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። ልጄ ስልኳን ታቅፋ ስትጠብቅ ከረመችና፣ አንድ ቀን ጦሯን አልጋዋ ሥር ከትታ «እማ፣ አልበቃሁም ማለት ነው» አለችኝ። አላስችል ቢለኝ እኔው ደወልኩ። አቶ ፍራንሲስ በስዋሂሊ ሰላም ካለኝ በኋላ «ለሳሌም ጋብቻ እንኳን ደስ አለዎ» አለኝ። የሙሽራዋ እናት ሠርጉን የሰማሁት ያኔ ነው። «ማንን አገባች?» ብዬ ብጠይቀው «ሰብሳቢዋ ናቸው የነገሩኝ» አለ።

፪. በሙሽራዋ ምትክ ለኮሌጁ የእህትዎን ልጅ ስላቀረቡም ምስጋናዬ የላቀ ነው። የላኩለትን ቪዲዮ አሠልጣኙ በስልክ ልኮ አሳይቶኛል። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ ጦሩን እንደ መጥረጊያ የያዘችው አያያዙን ያሳያት ሰው ስላልነበረ ነው። ከጀርባዋ «ፈገግ በይ እንጂ» የሚለው ድምፅ የማን እንደሆነ ግን ከእኛ ሰፈር እስከ ቦሪ መንደር የሚስተው የለም።

፫. አሠልጣኙ «ሳሌም አሁንም የምትወረውር ከሆነ ቪዲዮ ላኩልኝና ልያት» ባለ ማግስት፣ የክበቡን ሜዳ «ለጥገና» ብለው ስለቆለፉብን እግዜር ይስጥልን። እርስዎ ባይቆልፉት ኖሮ፣ የቦዳ ቦዳ ሞተር ታክሲ ነጂው ዲባ ጦሯን ከሞተሩ ጎን አስሮ ቡቲዬ መንደር ድረስ ባልወሰደን፣ የቡቲዬ ሰዎችም ፍየሎቻቸውን ሰብስበው ሜዳ ባልለቀቁልን ነበር። ዲባ በስልኩ ሲቀርጽ ጦሩ ያረፈበትን አይቶ ካሜራውን ረስቶ ስለሮጠ፣ የቪዲዮው መጨረሻ ሰማይና የዲባ ሳቅ ብቻ ነው። አቶ ፍራንሲስ በዚያው ቀን «ቦታዋን ለማንም አልሰጠሁም፤ ትምጣ» አለ።

የቀረውን መቁጠር ትቻለሁ። በድግሱ መጥሪያ ላይ ከልጄ ጎን የቆሙበትን ፎቶግራፍ ስላወጡትም አልከራከርም፤ ፊትዎ በደንብ መታየቱ ለጉዳዬ ይጠቅመኛል። ነገር ግን አንድ ነገር አልተውልዎትም። ጠንካራዋ ልጄ በእርስዎ አንድ የስልክ ቃል ምክንያት ጥፋቱን በራሷ ላይ ስትፈልግ፣ ምግብ አልበላ ብሏት ከሰውነት ተራ ስትወጣ አይቻለሁ። ይህን ይቅር እንድል ሽማግሌ ልከውብኛል፤ ሽማግሌዎቹን በክብር አብልቼ፣ የሆነውን ሁሉ አጫውቼ ሸኝቻቸዋለሁ። ሲወጡ ስለ እርስዎ የተናገሩትን ቢጠይቋቸው ደስ ይለኛል።

ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ማስታወስ ጋር እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ያላገባችው የሳሌም እናት፣
እታለማሁ
መስከረም 2016 እ.ኤ.አ.

ማስታወሻ፦ የክበቡ ልጆች ወላጆች ሁላችንም ፈርመን አዲስ ሰብሳቢ የሚመረጥበት ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተናል። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩም ተደርድሮ ስለሚጠብቀን ቅዳሜን መርጠናል። አቶ ፍራንሲስ በስልክ ስለሚናገር፣ ድምፅ ማጉያውን ቀደም ብለው ቢያስሞክሩልን።