የሳይንስ ቃላትን ግድግዳ በኖራ ላስቀቡት ኃላፊ

ለክቡር የወረዳችን የትምህርት ክትትል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ ደህና ናቸው? እኛ የእሪ በከንቱ ወላጆች፣ ከልጆቻችን የሳይንስ ትምህርት በስተቀር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ እምሩ እባላለሁ፤ ሥራዬ ራፖር ጸሐፊነት ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣ የተበደለ ሰው ብሶቱን ሲነግረኝ «ለክቡር» ብዬ ጀምሬ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብዬ እጨርስለታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ንዴት በትህትና ስጠቀልል ኖሬ፣ ዛሬ የራሴን ለመጠቅለል ተቀምጫለሁ። አንዳንዱ ከመጠቅለያው ሾልኮ ከወጣ ይቅርታዎን ከወዲሁ እለምናለሁ።

ልጄ ማክዳ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እስከ ስድስተኛ በአማርኛ ተምራ፣ ዘንድሮ ሳይንሱ በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቃት። በመስከረም ወር «ፍሪክሽን» የሚባለውን ነገር ከነትርጉሙ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው አንዲት ፊደል ሳትስት ስታነበንብ ሰምቼ ኮራሁ። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቃት ግን ግራ ገብቷት አየችኝና «አባዬ፣ እሱ እኮ አይጠየቅም» አለችኝ።

ይህን የማይጠየቅ ነገር የጠየቁት የክፍሏ የሳይንስ መምህርት ፅናት ናቸው። ዝናብ ባባራበት አንድ ጠዋት ልጆቹን ወደ ሰፈራችን ቁልቁለት አውጥተው፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ ያደረገውንና አዲስ ጫማ ያደረገውን ጎን ለጎን አስወረዱ። አንዱ ተንሸራቶ በቂጡ ተቀመጠ፣ ሌላው ቆሞ ሳቀበት። ያን ጊዜ መምህርቷ፣ አንዱን አቁሞ ሌላውን የጣለው በአማርኛ ሰበቃ፣ በእንግሊዝኛ ፍሪክሽን እንደሚባል ነገሯቸው። እንቁላል ውሃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ጨው ሲጨመርበት ሲንሳፈፍ አሳይተው እፍጋት የሚለውን ቃል ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ከየቤታቸው የተረፈ ቀለም አምጥተው፣ የትምህርት ቤቱን የጓሮ አጥር ግድግዳ በቃላት ሞሉት፤ በአንድ ወገን እንግሊዝኛው፣ በሌላው አማርኛው፣ በመካከል ሥዕሉ። ማክዳ ከዚያ ወዲህ ቤት ስትገባ ማነብነቡን ትታ መጠየቅ ጀምራ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ወይም ምስጋናዎቼን፣ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ/ ለሱፐርቪዥን መጥተው ስለጎበኙን እናመሰግናለን። እኔም በወላጅ ተወካይነቴ ከኋላዎ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ በገቡበት ክፍል ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር አንድም ልጅ ሳይቀር እጁን ሲያወጣ አይተው ፊትዎ በርቶ ነበር፤ በሪፖርትዎም «ተሳትፎ፦ ሙሉ» ብለው ጻፉ። ደስታዎን ማደፍረስ ባልወድም፣ እርስዎም ተማሪ ሳሉ ሳያውቁት የቀሩ ስለማይመስለኝ ላስታውስዎ። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም እጁን ያወጣል፤ መልሱን የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። መምህሩ ቀኝ እያየ ይጠራል፣ እንግዳው የእጁን ጫካ እያየ ይደሰታል። እዚያ ክፍል ተክላይ የተባለ የጎረቤቴ ልጅ የ«ኮንደንሴሽን»ን ትርጉም በእንግሊዝኛ በቃሉ እስከ መጨረሻው ወጣውና አስጨበጨቡለት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደጄ ላይ ቆሞ፣ ያጨበጨቡለት ነገር ምን እንደሆነ እንዳስረዳው ለመነኝ።

፪ኛ/ ቀጥለው የገቡት መምህርት ፅናት ክፍል ነው። እሳቸው ያላወቀ እጁን እንዳያወጣ ስለሚያስተምሩ፣ የወጣው እጅ ጥቂት ነበር። ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ ሐዊ የምትባል ልጅ ተነሥታ «እናቴ ድስት ስትከድን ክዳኑ ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ ተመልሶ ውሃ ሆኖ ነው» አለች። እርስዎ በእንግሊዝኛ እንድትለው አዘዟት። ቃሉን ታውቀው ነበር፤ ማብራሪያውን ግን ገና እየሰበሰበች ሳለ ሰዓትዎን አዩ፤ ልጅቱም አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ለዚህኛው ክፍል የጻፉት «ተሳትፎ፦ ደካማ፤ ዝግጅት፦ የለም» የሚል ነው። ክቡር ሆይ፣ ትህትናው እዚህ ላይ ትንሽ ይቅርብኝና፣ ተናድጃለሁ። በዚያ ቀን በዚያ ግቢ ውስጥ ሳይንስ የተናገረችው እሷ ብቻ ነበረች።

፫ኛ/ ስለ ፍጥነትዎ አድናቆቴ ወደር የለውም። የግቢው ቧንቧ ሲሰበር ከመስቀል እስከ ፋሲካ ጠብቀናል፤ ግድግዳው ግን በሳምንቱ በኖራ ተለቀለቀ። የማስተማሪያ ቋንቋውን ያደናግራል ተብሏል። መምህርቷም «ለአቅም ግንባታ» ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውረው፣ ዛሬ የተሰበረ ወንበር ከደህናው ይለያሉ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ የሚገነባው የማን አቅም እንደሆነ ስላልተገለጸልን፣ የወንበሮቹ ይሆናል ብለን ተስፋ አድርገናል።

፬ኛ/ ወላጆች ተሰብስበን መምህርታችን ለምን ተነሡ ብለን ቢሮዎ ድረስ መጣን። የተሰጠን መልስ ስለ ግድግዳ ቀለም አንድ ወጥነት ነበር። በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ የሚባለው እንዲህ ላለው መልስ ይመስለኛል።

ልጆቻችን እንግሊዝኛ ይቅርባቸው ያለ የለም። መምህርቷም አላሉም፤ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ነው ያስጻፉት። እኛ የምንለው፣ ልጅ አንድን ነገር መጀመሪያ አፉን በፈታበት ቋንቋ ይረዳው፣ ከዚያ በፈለጋችሁት ቋንቋ ጠይቁት ነው። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ግን አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙ እኔው ላሳውቅዎ። መምህርት ፅናት ወደ ክፍላቸው እስኪመለሱ ድረስ፣ እኛ ወላጆች በየቅዳሜው ከልጆቻችን ጋር ያንን ግድግዳ መልሰን እንጽፈዋለን። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ቀለም የምትሸጠው የሐዊ እናት ሸፊቃ ብሩሽና ቀለም በገዛ ፈቃዷ ሰጥታለች። እርስዎ ሰኞ ኖራ ቢያስቀቡ እኛ ቅዳሜ እንመለሳለን። መምህርቷ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምነውኝ ነበር፣ የባሰ እንዳይመጣባቸው ፈርተው። ልመናቸውን ያልሰማሁት እኔ ነኝና፣ ቅጣት ካለ አድራሻዬ ጃንጥላው ሥር ነው።

የሰፈሬ ስም እንደ መመሪያ እንዳይቆጠርብኝ እያሳሰብኩ፣ ለኖራው፣ ለጭብጨባውና ለሰዓትዎ ያለኝን የላቀ ምስጋና ደግሜ እየገለጽኩ፣ ከወንበርዎ ቁመት ጋር ከተመጣጠነ አክብሮት ጋር፣

እምሩ፣ የማክዳ አባት
እሪ በከንቱ

ግልባጭ፦
ለግድግዳው

ማስታወሻ፦ መምህርት ፅናት ከተነሡ ወዲህ የክፍላቸው ተሳትፎ ሙሉ መሆኑን በአዲሱ ሪፖርትዎ ማስፈርዎን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለዎት። ማክዳን ብጠይቃት እውነት ነው ብላለች። ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር የሁሉም እጅ ይወጣል፣ የእሷም የሐዊም ጭምር። ሁሉም ግራ ነው።