ከጃካራንዳሽ ሰባት እርምጃ

ውድ እታለም፣

ጃካራንዳሽ ተተክሏል። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን እስከ መጨረሻው እንድታነቢልኝ ብዬ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው እኔን የሚያስመሰግን አይደለም። ስልክ ያልደወልኩት ደግሞ መሃል ላይ ስለምታቋርጪኝ ነው። ወረቀት አይቋረጥም፤ ቢበዛ ይቀደዳል።

የሆስፒታሉ ግቢ እንደተውሽው አለ። ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ሰው አሁንም ፀሐይ ላይ ይሰለፋል። ጥበቃው አሁንም ቦርሳ ሲፈትሽ ራሱ ያስቀመጠው ነገር የጠፋበት ይመስላል። አጥሩ ሥር ያሉት ሃያ ሦስት ዛፎች ሁሉም በአንቺ ሰባት ሰባት እርምጃ ተራርቀው ቆመዋል። ሜትር ዕቃ ክፍል ውስጥ እያለ፣ "የሰው እግር አይዝግም" ትይና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሽ ትረግጫለሽ፤ እኔ አጭሩ ችካል ይዤ ከኋላሽ እሮጣለሁ። በአትክልተኝነት አሥራ አንድ ዓመት እንዲያ ሮጫለሁ። አንድም ቀን ጠልቼው አላውቅም። ይህንንም ነግሬሽ አላውቅም።

ካርድ ክፍሉ ፊት ያለውን ጉድጓድ አብረን ነው የቆፈርነው። ወገቤ ድረስ ሲደርስ (የአንቺ ጉልበት ድረስ ማለት ነው) ተጣላን። በመሬት የተጣላ ሰው ሞልቷል፤ ገና ባልተተከለ ዛፍ ጥላ የተጣላን ግን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። አንቺ ጃካራንዳ አልሽ፤ እኔ ዝግባ አልኩ።

"አምስት ዓመት ስጠኝ፤ ሰው ሥሩ ይቀመጣል" አልሽኝ። "ያንተ ዝግባ እስከዚያ ለዶሮም ጥላ አይሆን።"

"ያንቺ ደግሞ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። ጥላው በሚፈለግበት ሰዓት ራቁቱን ይቆማል።"

"በአበባ ነዋ የሚቆመው!"

"አበባው ሲረግፍ ሲሚንቶው ላይ ያሟልጫል። ሆስፒታል በር ላይ የሰው እግር ልንሰብር ነው?"

"ቢሰበርስ የት ሊሄድ ነው? እዚሁ ነው።"

ያን ጊዜ ሳልስቅ የቀረሁት በመከራ ነው። ሳቄን ለመደበቅ ንግግር ጀመርኩ። ዝግባ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ከአንድ ትውልድ አልፎ ለብዙ ትውልድ ይቆማል፣ በሩም ጣውላውም ከእሱ ነው፣ እያልኩ ዘበዘብኩሽ። አንቺ ዶማሽን ተደግፈሽ ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቅሽኝ። "የጃካራንዳም እንጨት ለመቅረጽ የሚመች ነው፤ የዶማዬ እጀታ እንኳ ከእሱ ነው" አልሽ። "ግን እኛ ለጣውላ ነው እንዴ የምንተክለው? ገና ሳይበቅል መጋዝ ታሳየዋለህ? ደግሞ ዝግባ በልጅነቱ ጥላ ይወዳል። እዚህ ሐሩር ላይ ብቻውን አውጥተህ ልታቆመው ነው?"

ይህን የመጨረሻውን እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ትክክል ስለነበርሽ ነው።

ከዚያ ጡረታ የወጣሽበት ቀን መጣ። ጠዋት ኬክ ተቆረጠ፤ ከሰዓት በኋላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመን እንደገና ተነታረክን። እኔም ያንን ቃል አወጣሁት፦ "አንቺ የቸኮልሽው ሳትሞቺ ልታዪው ስለፈለግሽ ነው።" የቅርንጫፍ መቀስሽን ቀስ ብለሽ መሬት ላይ አስቀመጥሽ። "ሊቁ" አልሽኝ፤ አሮጌ ጋዜጣ ሳነብ ይዘሽኝ ባወጣሽልኝ ስም። "አዎ፣ ላየው ነው የፈለግሁት። ምን ነውር አለው?" ከዚያ ጉልበትሽን እያሻሸሽ ወጣሽ። ልጅሽ ዘንድ፣ ሌላ ከተማ እንደገባሽ የሰማሁት ከጥበቃው ነው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከሄድሽ በኋላ የጃካራንዳሽን ችግኝ ከነፕላስቲኩ አንስቼ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ወሸቅሁት። ዝግባዬን ከነቀለም ባልዲው ዕቃ ክፍሉ በር ላይ እንደ ክብር እንግዳ አስቀመጥሁት። አንድ ቀን ልትጠይቂን ስትመጪ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሜ "አየሽ?" ልልሽ ነበር ሐሳቤ። አልገደልኩትም፤ ውሃ ሳላጠጣው የዋልኩበት ቀን የለም። በዳይ እንዲህ ነው፣ እታለም፤ በአንድ እጁ እየከለከለ በሌላው ያጠጣና ማታ ስለሚያጠጣው እጁ ብቻ እያሰበ ይተኛል።

ጉድጓዱ ቆርቆሮ ለብሶ ተቀመጠ። ከአርባ ቀን በፊት አስተዳዳሪዋ ቆርቆሮውን በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ "ይሄ መቃብር ነው ወይስ ፕሮጀክት?" አሉኝ። ወዲያውም ቀጠሉ። "እስከ ሰኞ ካልተተከለበት ኮንክሪት ይፈስበትና መኪና ይቆምበታል።"

ቅዳሜ ዝግባዬን ተሸክሜ፣ ጥበቃውን ለምስክርነት አስከትዬ ወጣሁ። ቢላዋም ይዣለሁ። ያስተማርሽኝ ነው፤ ዕቃ ውስጥ የቆየ ሥር መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን እየታከከ ይዞራል፤ እንደዚያው ከተከሉት መሬት ሲያገኝም መዞሩን አይተውም፣ ቆይቶ የራሱን ግንድ ያንቃል። ስለዚህ ሥሩ ዞሮ ይጠብቀኛል ብዬ ባልዲውን ገለበጥሁት።

አልዞረም። ሥሮቹ ወደ ታች ቀጥ ብለዋል። ጎን ጎናቸው ላይ በስለት ተቆርጦ የዳነ የድሮ ጠባሳ አለ። ከባልዲው ሥር ደግሞ የጣሪያ ሸክላ ስብርባሪ ተደርድሮ ተነጥፏል። በዚህ ግቢ ውሃው እንዲወርድ ብሎ የጣሪያ ሸክላ ሰባብሮ የሚያነጥፍ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን አይደለሁም።

"ምነው ደረቅህ?" አለኝ ጥበቃው።

"ይሄን ማን ነካው?"

"እሷ ናታ! ጡረታ በወጣች ማግስት፣ የሥራ ልብሷን ልትመልስ በመጣች ጊዜ። አንድ ሰዓት ሙሉ እያቃሰተች ሥሩን ቆራርጣ፣ አፈሩን ቀይራ መለሰችው። 'እትዬ፣ ተጣልታችሁ የለም እንዴ?' ብላት፣ 'ከእሱ ጋር ነው እንጂ ከዛፉ ጋር ምን አለኝ' አለችኝ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ደግሞ 'እንዳትነግረው፣ ይከራከራል' ብላኛለች።"

ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥሁ። ያን ቃል በተናገርኩሽ ማግስት፣ በዚያ ጉልበትሽ ተንበርክከሽ የኔን ዛፍ ሥር ስታስተካክዪ ታየኝ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ "ዝግባዬ እንዴት ያምርበታል" እያልኩ ለአላፊ አግዳሚው ስኩራራ የነበረው በአንቺ እጅ ሥራ ነው።

ተነስቼ ታንከሩ ጀርባ ሄድሁ። ያንቺው ችግኝ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን አዙሮ ጎብጧል። ፕላስቲኩን ስቀደው ሥሩ እንደ ውሃ ጎማ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ውስጡ አፈር የለም ማለት ይቻላል። ለዝግባው የያዝኩትን ቢላዋ በእሱ ላይ አዋልኩት። ከሥሩ ግማሽ የሚሆነውን ቆረጥሁ። የቀረውን ሥር እንደ ጣት ዘርግቼ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጥሁት፤ ከሥሩ ጋር እንዲመጣጠን ጫፉንም አሳጠርኩት፤ አፈር መለስኩበት፤ ከደጋፊ እንጨት ጋር በጨርቅ ላላ አድርጌ አሰርኩት።

ጥበቃው ዞር ዞር ብሎ አየው። "ይሄ ዛፍ ነው ወይስ በሽተኛ የረሳው ምርኩዝ?"

በሳምንቱ ያሉት ቅጠሎች በሙሉ ረገፉ። ከሰልፈኞቹ አንዷ ቦርሳዋን ደጋፊው እንጨት ላይ ሰቀለችበት፤ ከዚያ ወዲህ ቦርሳ መስቀያ ሆኖ ተለመደ። አስተዳዳሪዋ ግን ገና በዚያው ሰኞ መጥተው ቆመው አይተውት ነበር።

"ተተክሏል ማለት ነው?"

"ተተክሏል።"

"ሕይወት አለው?"

"ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው" አልኳቸው። የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ስለሆነ ተቀበሉኝ።

ሲሚንቶው ቀረ፤ የኔ ጭንቀት ግን ጀመረ። ዛፉ ከሞተ በሽታ ወይም ድርቅ አይደለም የገደለው። በየጠዋቱ ልጡን በጥፍሬ ጫር አድርጌ ከሥሩ አረንጓዴ መሆኑን አያለሁ። አንድ ቀን አረንጓዴ ነው፤ ሌላ ቀን አረንጓዴ ይሁን የኔ ምኞት ይሁን አለየልኝም። ደብዳቤ ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ የተውኩት ምን ብዬ እንደምጨርሰው ስላላወቅሁ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጥበቃው ከበሩ ጮኸ። "ሊቁ! ና ምርኩዝህን እይ!" ሮጥሁ፤ አንቺን ስከተል እሮጥ እንደነበረው። ግንዱ ላይ ሦስት ቡቃያ ወጥቷል፤ ትልቁ የትንሽ ጣቴን ጥፍር አያክልም። ተንበርክኬ ሳይ፣ ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ "ምን አግኝተህ ነው?" አሉኝ። "ጥላ" አልኳቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፣ ግንዱን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ ካርዳቸውን ግንባራቸው ላይ ከልለው ለጎናቸው ሰው "ይሄም ታማሚ ነው" አሉ።

እታለም፣ ስለ ዛፉ አይደለም ይቅርታ የምጠይቅሽ፤ የዛፉን ዕዳ ቡቃያው እየከፈለልኝ ነው። ስለዚያ ቃል ነው። ይቅር በይኝ። ለማየት መፈለግ ነውር የለውም። እኔም ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ዝግባው ትልቅ ሲሆን እንደማላየው አውቃለሁ። ስለማላየው ይሆናል እንደዚያ የተሟገትኩለት፤ ያልታየ ነገር ስህተት አይወጣለትምና።

ዝግባው ባልዲው ውስጥ ነው፤ በአዲስ አፈር፣ ከሥሩም ሸክላ አንጥፌለታለሁ። ጃካራንዳሽ ሁለት ሦስት ዓመት አድጎ ራስ ሲያወጣ፣ የከሰዓት በኋላ ጥላው በሚወድቅበት በኩል እተክለዋለሁ። ያንቺው ፈጣን ነው፣ ጥላ ይሆነዋል፤ የኔው በጥላው ሥር ቀስ እያለ ይወጣል። እንደ ሃያ ሦስቱ ሰባት እርምጃ ይበቃዋል። ጉድጓዱን ግን ከዛሬ ጀምሬ መቆፈር እፈልጋለሁ፤ እንደምታውቂው ጉድጓድ ለማቆየት ልምድ አለኝ።

ችግሩ እርምጃው የኔ አይደለም። በኔ እግር ከለካሁት ከሃያ ሦስቱ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ነይ። ሰባት ብቻ ነው። ከመናኸሪያው እስከ ግቢው ያለውን እኔና ጥበቃው በሚገፋ ወንበር እናመጣሻለን፤ ሆስፒታል ነን፣ ወንበር አናጣም። ጉልበትሽ እምቢ ካለሽ ደግሞ ልጅሽ ወለሉ ላይ አንድ እርምጃሽን በክር ትለካና ቆርጠሽ በፖስታ ላኪልኝ። የድሮውን አስታውሰሽ እንዳይሆን፤ የዛሬውን ላኪ። በላክሽው ልክ እተክለዋለሁ። ክሩ ቢያጥር ዛፎቹ ይቀራረባሉ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ችካል ይዞ የሚጠብቅሽ፣
ሊቁ