አምቡላንሱ ሜዳ ዳር የቆመበት ዙር

ጥቅምት 11፣ እሑድ ጠዋት

መኪናዋን አጠብኩ። ጎማ አየሁ። ቃሬዛው ደህና፣ ኦክስጅኑ ደህና፣ ሳይረኑ ይጮኻል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ወደ ገጠር አንወጣም። ስታዲየም ነን።

ዞኑ ገንዘብ አፍስሶ የእግር ኳስ ሊጉን አንድ ዙር ከተማችን ሚዛን እንድታዘጋጅ አስመርጧታል። ክለቦቹ ሁሉ እዚህ ይሰነብታሉ። ሜዳው ሣር ለብሷል፣ አጥሩ ተቀብቷል፣ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ባንዲራ ተተክሏል። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ አምቡላንስ ከሌለ ዳኛው ፊሽካ አይነፋም። የሚሠራው የኔው ብቻ ነው። ሌላኛው መሥሪያ ቤታችን ጓሮ ቆሞ ሣር በቅሎበታል። መለዋወጫው ይመጣል ሲባል ክረምቱ አለፈ።

ምጥ የያዛት ሴት ብትጠራስ ብዬ ጠየቅሁ። ይታሰብበታል ተባልኩ።

እውነቱን ልንገርህ ማስታወሻዬ፣ ደስ ብሎኛል። ኳስ በነጻ፣ ያውም ከመስመሩ ዳር።

ጥቅምት 15፣ ሐሙስ ምሽት

ከተማዋ ሌላ ሆናለች። አልጋ የለም። ባጃጆች እንደ ልባቸው ይጠይቃሉ። የማውቃቸው ሁለት መምህራን ክፍል ልቀቁ ተብለው ዕቃቸውን በጋሪ ሲያጓጉዙ አየሁ፤ እንግዳ የተሻለ ይከፍላላ። ቡና ነጋዴዎቹ ለቃሚ ጠፋ ይላሉ። ቡናው ቀልቶ ዛፉ ላይ አለ፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ግን ስታዲየም ዙሪያ የቀን ሥራ ይዟል።

ባለቤቴ አለሚቱ አጥሩ ሥር ድንኳን ጥላ ሻይና ፍርፍር ትሸጣለች። ድምፅዋ ተዘግቷል። ፊቷ ግን በርቷል፤ እንዲህ ካየኋት ቆየሁ። ድንኳኑን ትታ ሱቅ ልትከራይ አስባለች።

ከ/ሰዓት ዝናብ። ጨዋታው ሳያልቅ ስልክ። ገጠር ያለው የሸዋ ቤንች ጤ/ጣቢያ አዋላጅ፣ ሲስተር ብርቱካን። የወለደች ሴት ደሟ አልቆም ብሏል። መውጣት እንደማልችል ነገርኳት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ሴትዮዋ በቡና ጫኝ አይሱዙ ሆስፒታል መጣች፣ ጆንያ ላይ ተኝታ። ተርፋለች። ሾፌሩን መናኸሪያ አገኘሁት፤ ሸራውን እያጠበ ነበር። ውኃው እየቀላ ይወርዳል። ሰላም ሳልለው አለፍኩ።

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

ሲስተር ብርቱካን ራሷ መጣች። ቡትስ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ። የዙሩን ዝግጅት የሚመሩት የዞኑ ሰው አቶ ተክሌ ናቸው፤ እሳቸው ዘንድ ገባን። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

መኪናዋ ለጨዋታ ስትቆም ሌላ መኪና ይመደብልን አለች። አቶ ተክሌ ክፉ ሰው አይደሉም። ሻይ አዘዙላት። ይህች ከተማ በቡና ጆንያ ላይ ካልሆነ ስሟ ተነሥቶ አያውቅም፣ አሁን አገር እያየን ነው፣ ሆቴል የሚሠራ ባለሀብት እየጠየቀን ነው፣ ለነገ የእናንተንም ጤ/ጣቢያ የሚያስፋፋው ይኸው ገቢ ነው አሉ። ንግግራቸው ያሳምናል። እኔን እንኳ አሳምኖኝ ነበር።

ሲስተር ሻዩን አልነካችውም። «ወራቸው የገባ እናቶች አሉብኝ» አለች። «ምጥ ደግሞ ፕሮግራም አይጠይቅም።»

ዙሩ እስኪያልፍ ታገሡን አሏት።

ስትወጣ እኔን አላየችኝም። ወይም አይታኝ ይሆናል።

ጥቅምት 26፣ ሰኞ

ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሲስተር ትመስለኛለች። ዛሬ የደወለው ወንድሜ ነበር፣ ከቴፒ። ለጨዋታ መጥቶ እኛ ዘንድ ሊያድር። ላብ አጥምቆኝ ነበር ያነሣሁት።

ከአለሚቱ ጋር ተጣላን። እንደገና ከተጠራሁ እወጣለሁ አልኳት። ከሥራ ትባረራለህ አለች። ጨዋታው ቢሰረዝ ዙሩን ወደ ሌላ ከተማ ይወስዱታል፣ ያኔ ስንቱ ቤት ይዘጋል? እኔስ? አለች። ተሳስታለች ማለት አልቻልኩም። ራት ለየብቻ በላን።

ሰማዩ አይከፈትም። የሸዋ ቤንች መንገድ ጭቃው ባጃጅ እየዋጠ ነው ይላሉ።

ኅዳር 2፣ እሑድ ምሽት

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዛሬ የሚጫወተው የከተማችን ክለብ ነበር። ስታዲየሙ ጢም ብሏል፣ ዛፍ ላይ ሳይቀር ሰው አለ። ጨዋታው እንደተጀመረ ሲስተር ደወለች። ጥሩነሽ የምትባል ልጅ፣ የመጀመሪያ ምጧ፣ ከትናንት ጀምሮ። የሕፃኑ እጅ ቀድሞ ወጥቷል። ኦፕራሲዮን ካላገኘች አትተርፍም። አይሱዙ ተፈልጎ ታጣ፤ ሁሉም ለጨዋታው ሰው ጭነው ወርደዋል።

አቶ ተክሌ ዘንድ ሮጥኩ። እረፍት ይድረስ፣ ያኔ እንነጋገራለን አሉ። ጠበቅሁ። ማስታወሻዬ፣ ጠበቅሁ። እረፍት ሲሆን ሁለተኛው አጋማሽ እስኪያልቅ ብቻ አሉ።

መኪና ውስጥ ገባሁ። ተከትለውኝ መጥተው የበሩን መስኮት ያዙ።

«አንተ ከወጣህ ጨዋታው ይቆማል። ቴሌቪዥን ላይ ነን፣ ወንድሜ።»

«ጋሼ፣ እጅዎን ያንሡልኝ።»

አላነሡም። መኪናዋን ቀስ ብዬ ሳንቀሳቅስ ለቀቁ።

የስታዲየሙ በር ላይ ደጋፊው መውጣቴን አላመነም። ሳይረን ስከፍት ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ። በኋላ ነው መጮህ የጀመሩት። አንድ ድንጋይ ጣሪያዬን መታው።

ሸዋ ቤንች ስደርስ ጥሩነሽን ባሏና እናቷ ቃሬዛው ላይ አወጧት። ስንመለስ ጭቃው ያዘን። ከቡና ማሳ የወጡ ሰዎች ገፉን። እናትየው ሸኮ ናት፣ አማርኛዋ ትንሽ ነው። ከኋላ መስኮቱን አንኳኳችና ጠየቀችኝ።

«ኳሱ አለቀ?»

ኳሱ እስኪያልቅ ጠብቁ ተብለው ነበር የቆዩት። አዎ እናቴ፣ አልቋል አልኳት።

ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ተደርጋ ጥሩነሽ ተርፋለች። ልጇ አልተረፈም። ወንድ ነበር። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ አለ። ሊወቅሰኝ አይደለም፣ እንዲያው ነው ያለው። እኔ ግን ያቺ ትንሽ የትኛዋ እንደሆነች አውቃለሁ። ከፊሽካው እስከ እረፍት ያለችው ናት።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ጨዋታው ተቋርጦ ቀርቷል። ዙሩን ወደ ሌላ ከተማ እናዛውረው እያሉ ይመክራሉ። አንዳንድ ቡድኖች ሻንጣ ሸክፈዋል። የሆቴል ባለቤቶች ሲያዩኝ ወሬ ያቆማሉ። ትናንት ዳቦ ልገዛ ብገባ አልቋል አሉኝ። መደርደሪያው ሙሉ ነበር።

የአለሚቱ ድንኳን ማንም አልገባም። ትጮህብኛለች ብዬ ፈራሁ። የልጅቷን ስም ብቻ ጠየቀችኝ። ጠዋት አጥሚት አፍልታ፣ በፔርሙስ ሞልታ ሆስፒታል ሄደች። ስትመለስ ዓይኗ አብጧል። ሱቁን ለሌላ ስጡት ብያቸዋለሁ አለችኝ።

ከ/ሰዓት አቶ ተክሌ ቤቴ መጡ፣ ብቻቸውን። ከሲተዋል። ዙሩ ሊቆይልን ይችላል፣ ግን አንድ ነገር ይፈለጋል አሉ። ጨዋታው ለምን እንደቆመ የሚመረምሩ አጣሪዎች ሲመጡ ማንንም ሳልጠይቅ በራሴ ወጣሁ እንድል። ትንሽ እቀጣለሁ፣ ሥራዬ ይቆይልኛል። ዞኑም ከወቀሳ ይድናል።

«የስንት ሰው እንጀራ እንደሆነ አስብ» አሉኝ።

አሰብኩ። እያሰብኩ ሸኘኋቸው። በሩ ላይ ቆመው ሕፃኑ ወንድ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ኮፍያቸውን አጥልቀው በዝናቡ ሄዱ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ ጠዋት

ዙሩ እዚሁ ይቀጥላል፣ ተወሰነ። ከተማው ነፍስ ዘርቷል። ሙዚቃው ከአሁኑ ተከፍቷል። ትእዛዝ መጣልኝ፤ መኪናዋን ሜዳ ዳር አቁም፣ ካልሆነ ቁልፉን አስረክብ። አጣሪዎቹም ዛሬ ናቸው።

ሲስተር ብርቱካን ማለዳ ደውላ ነበር። የአንዲት ሴት የእንሽርት ውኃ ፈሷል፣ የሌላዋ የደም ግፊት ከፍ ብሏል። ትመጣለህ ብላ አልጠየቀችኝም። ነገረችኝና ስልኩን ዘጋች፣ እንደዚያኛው ቀን።

ለአጣሪዎቹ የሆነውን እነግራቸዋለሁ። ጠየቅሁ፣ ጠብቅ ተባልኩ፣ ጠበቅሁ፣ ሕፃኑ ሞተ። እኔን የሚፈልግ ሸዋ ቤንች ይምጣ። ጤ/ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሜ ያገኘኛል። ቁልፉንም እዚያ ይውሰድ፣ ሴቶቹ ፊት።

ነዳጅ ሙሉ ነው። አለሚቱ ውሳኔዬን ሰምታለች። ከባድ ነገር ነው አለች፣ ግን በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት።

አቶ ተክሌ እየደወሉ ነው። አላነሣውም። ከሸዋ ቤንች ሲደወል መስመሩ ክፍት መሆን አለበት።